የታወቀ ፊት

«ፊልሙን አልጠላነውም፤ ችግሩ ፊቱ ነው» አሉ የፈንዱ ኃላፊ፣ የአዳራሹ መብራት እንደበራ።

ዳይሬክተሯ ወደ ግድግዳው ዞረች። እዚያ ላይ ቆሞ የቀረው የፊልሙ የመጨረሻ ምስል የአጎቷ ፊት ነበር። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከዚህ በፊት ካሜራ ፊት ቆሞ አያውቅም። የክልሉ የፊልም ድጋፍ ፈንድ የወጪውን ግማሽ ሸፍኖላታል፤ ቀሪውን የሚለቀው ግን ኮሚቴው እስካሁን የተቀረጸውን አይቶ ሲፈቅድ ነው።

«ፊልሙን የተሸከመው እኮ እሱ ነው» አለች።

«አይቻለሁ፤ አስለቅሶኛል። ግን የሕዝብ ገንዘብ ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያው የታወቀ ፊት ከሌለበት አልገዛም ብሏል። ነገ ደግሞ ‹ገንዘባችንን ለአጎቷ አበላች› ቢባል ምን መልስ አለኝ?»

ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። የባሰውም ይኸው ነው።

ኮሪደሩ ላይ ካሜራማኑ ጠበቃት። «እሺ አልሽ?»

«አልኩ። እምቢ ብል ፊልሙ ተቀብሮ ይቀራል፤ እናንተም ወደ ሰርግ ቀረጻችሁ ትመለሳላችሁ።»

«ሰርግ ምን አለው? ቢያንስ ያበሉናል» አለ፤ ሁለቱም አልሳቁም።

አጎቷ በረንዳው ላይ ሬዲዮ ፈታትቶ ተቀምጧል።

«አወጡኝ አይደል?» አላት ገና ሳትቀመጥ።

«የታወቀ ተዋናይ ይሁን አሉ፣ ጋሼ።»

«እሰይ፣ ተገላገልኩ! ያ የቀረጻው ቦታ ቁልቁለት ጉልበቴን ጨርሶት ነበር።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ከሬዲዮው ብሎኖች አንዱን እያነሳ «ከሚስቴ ጋር የማወራበትስ?» አለ።

በድርሰቱ መሠረት ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነበረበት። እሱ ግን ማንም ሳያዘው የሟች ሚስቱን በቤት ስሟ ጠርቶ፣ በሞተችበት ዕለት መንገድ ላይ በመሆኑ ይቅርታ ለመናት። «ይበቃል» የሚል አንጀት ያለው ጠፋ። ዳይሬክተሯም ኋላ ቃሉን እንዳለ ወደ ድርሰቱ አስገባችው።

«ተዋናዩም ያንኑ ነው የሚለው» አለች።

«የት ያውቃታል?»

በቁጣ አልነበረም፤ የምሩን ነው የጠየቃት። ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። ሲሸኛት ትከሻዋን መታ አደረገና «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሥራሽን ሥሪ» አላት።

በማግስቱ ለአዲሱ ተዋናይ የሚላከውን ድርሰት ኮፒ ለማስደረግ ከካሜራማኑ ጋር ሄደች። ከመስጠቷ በፊት ሹፌሩ ከሚስቱ ጋር የሚያወራበትን ገጽ መዝዛ አወጣች።

«አብደሻል? የፊልሙ ልብ እኮ እሱ ነው! ኮሚቴው እንኳ የወደደው እሱን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሰውየው እዚያ ጋ ምን ይበል?»

«ምንም አይበል። መንገዱን ይይ።»

ገጹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ የቀረውን ለኮፒ ሠራተኛዋ አቀበለቻት።