የርክክብ ቦታ ያልተጻፈበት ውል

ሙነወር በሩን ሊረከብ አልመጣም፤ ጥፋቱም በከፊል የእኔ ነው። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ በሩ የት እንደሚረከብ ግን አልጻፍኩም።

ነገሩ የመስከረም 2013 ነው። በሕግ ተመርቄ መቀሌ ውስጥ አንድ የጠበቃ ቢሮ ውል ማርቀቅ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ለማላውቃቸው ሰዎች የምጽፈው የሽያጭ ውል ሦስት ገጽ ይሞላል፤ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ መቼ፣ የት፣ በማን ወጪ እንደሚረከብ፣ አንዱ ወገን ቢዘገይ ምን እንደሚከተል፣ ሁሉም በተራ ቁጥር ይቀመጣል። ለእጮኛዬ የጻፍኩት ግን አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ቸኩዬ ነበር። ሙነወር በማግስቱ ጨርቅ ሊያመጣ ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል፤ የቀረችንን አንድ ከሰዓት በወረቀት ላይ ላጠፋት አልፈለግኩም።

ሙነወር እንደ አባቴ የወሎ ሰው ነው። አባቴ ጀላሉ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከደሴ መጥቶ እዚህ ሱቅ ከፈተ፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ሙነወር ያደገው ኮምቦልቻ ሲሆን በወር ሁለቴ ወደ እኛ ከተማ ይመላለስ ነበር። ኒካሑ ለኅዳር ተቆርጧል። እዚሁ መቀሌ ዓይናለም ሰፈር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ጀምሮ ግድግዳው ከመስኮት በላይ ደርሷል። ጣሪያ ሳይመታ በር ማዘዙ እኔን ቢያስቀኝም እሱ አልሰማኝም፤ በር የሌለው ቤት ያለፈ ያገደመ ሁሉ የሚገባበት ይመስለኛል አለኝ።

በሩን የሠሩት አቦይ ገብረተንሳኤ ናቸው። ወርክሾፓቸው ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ያን ቀን በሩ ተበይዶ አልቆ፣ ቁልፉ ገብቶለት፣ ቀለም ብቻ ቀርቶት ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሙነወር ሒሳቡን ጨርሶ ዕቃውን እዚያው ጥሎ ስለሚሄድ ወረቀት ይኑር ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ። አቦይ ገብረተንሳኤ ወረቀት አያስፈልጋቸውም። ደንበኛ ከፍሎ "ይጽናሕ"፣ ይቆይልኝ ካለ፣ ዕቃውን የሚወስደውን ሰው ስም በጠመኔ ይጽፉበታል፤ አለቀ። ጠመኔውን አንስተው ሙነወርን ማን ልበል ሲሉት ወደ እኔ አመለከተ። "ነዒማ" ብለው በሩ ላይ በትልቁ ጻፉ።

ቁልፉ ሦስት መክፈቻ ነበረው። ሁለቱ በሩ ላይ በሽቦ ታሰሩ። ሦስተኛውን ሙነወር መዳፌ ላይ አስቀምጦ፣ "ቤቱ እስኪያልቅ ቁልፉ አንቺ ጋ ይሁን" አለኝ። በማግስቱ ማለዳ ሄደ። ጥቅምት 24 ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ።

ስለዚያ ሁለት ዓመት ብዙ አልናገርም፤ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው ይኼ ብቻ ነው፦ እኔ ወደ ሰሜን እሄድ ነበር። ነዳጅ ስላልነበረ በእግሬ። መጀመሪያ ላይ በሩ እንዳይዘረፍ ለማየት ነው ብዬ ለእናቴ ለሳሊሃ ነገርኳት፤ ከጊዜ በኋላ ምክንያት መስጠቱን ተውኩት። መብራት ስለሌለ ብየዳ ቆሟል። አቦይ ገብረተንሳኤ አሮጌ በርሜልና የተጣለ ላሜራ በመጋዝ እየቆረጡ የከሰል ፈርኔሎ ይሠሩ ነበር። ብረት ሲያልቅባቸው ወርክሾፑ ውስጥ ባለቤቶቻቸው ያልመጡላቸውን መስኮቶችና አጥሮች አንድ በአንድ ቆረጧቸው። የእኛን በር አልነኩትም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። "የሌሎቹ ባለቤቶች አይመጡም" አሉኝ፣ "አንቺ ግን ጓለይ፣ ልጄ፣ በሳምንት አንዴ ትመጫለሽ። አንቺን እያየሁ እንዴት ልቁረጠው?"

ጠመኔው በደበዘዘ ቁጥር ስሜን እንደገና ይጽፉት ነበር። እኔ ቢሯቸው ውስጥ እቀመጣለሁ። ቢሮ የምለው በጥግ በኩል በቆርቆሮ የተከለለች ክፍል ናት፤ በሯ ወርዶ በሁለት እጅ ካልተነሣ አይገጥምም። የበር ሠሪ በር እንዲህ ይሆናል ወይ ብዬ ስሰድባቸው፣ ከፍሎኝ ያዘዘኝ ሰው የለም ይሉኝ ነበር። ከዚያች ክፍል ሆኜ በሩን አየዋለሁ። ሙነወር እንዴት እንደሚራመድ እንዳልረሳ እሠጋ ነበርና ከመንገዱ ወደ ወርክሾፑ ሲገባ አድርጌ አስበዋለሁ፤ ሸሚዙን፣ ግራ ትከሻውን ዝቅ ማድረጉን። የሚመጣው ሁልጊዜ በዚያ መንገድ ነበር።

ስልክ ሲመለስ ሙነወር ከኮምቦልቻ የደወለልኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ስሜን ጠራ። ከዚያ ስለ በሩ ጠየቀኝ፤ አለ አልኩት። አለቀሰ። መንገዱ ይጥራና እመጣለሁ አለ።

መንገዱ ጠራ። አውሮፕላን ተጀመረ፤ አውቶቡስም ተጀመረ። በሳምንት ሦስቴ የነበረው ስልክ አንዴ ሆነ፤ ቀጥሎም በበዓል በበዓል ብቻ። እዚያ ሱቅ እንደከፈተ፣ ለጥቂት ጊዜ ጥሎት መነሣት እንደማይችል ይነግረኛል። አንድ ጊዜ፣ አንቺ ለምን አትመጪም አለኝ። አባቴ ዓይደር ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር አልችልም አልኩት፤ እውነት ነበር። አባቴ ድኖ ከወጣ በኋላም ግን አልሄድኩም። በሩ እዚህ ነው፣ ቤቱ የተጀመረው እዚህ ነው፣ ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ የሄደው እሱ ነው ብዬ ቁጭ አልኩ። በዒዶች መካከል ያለውን ጊዜ ግን በቀን እቆጥረው ነበር።

በ2017 መስከረም አቦይ ገብረተንሳኤ አስጠሩኝ። ዓይናቸውን የብየዳ ብርሃን ጎድቶታል፤ ወርክሾፑን ሊያስረክቡ ነው። የቀረው የሰው ዕቃ የእኛ በር ብቻ ነው። ውሉን ከመሳቢያ አውጥተው፣ ከነታጠፈበት ሰጡኝ።

"አንቺ የሕግ ሰው ነሽ" አሉኝ። "እኔ ነኝ ኮምቦልቻ ድረስ የማደርስለት ወይስ እሱ ነው የሚመጣው?"

ያኔ ነው ውሉን እንደ ሌላ ሰው ውል ያነበብኩት። በሩ ተገልጿል፤ ዋጋው ተገልጿል፤ ርክክቡ "ገዢው ሲመለስ" ይላል። የት እንደሚረከብ የሚል የለም። ጀማሪ እንዲህ ያለ ውል ቢያቀርብልኝ መልሼ እሰጠው ነበር። ደግነቱ ተዋዋዮች የረሱትን ሕጉ ይሞላዋል። የተሸጠው ዕቃ ያ በዓይን የታየው፣ በሌላ የማይተካው ከሆነና ሁለቱም ወገኖች ውሉን ሲዋዋሉ የት እንዳለ የሚያውቁ ከሆነ፣ ሻጩ ዕቃውን የሚያስረክበው እዚያው ባለበት ነው። ሻጩ ተሸክሞ የመሄድ ግዴታ የለበትም። ገዢው ይመጣል።

ገዢው ይመጣል። ይህን ለአቦይ ገብረተንሳኤ ስነግራቸው ድምፄ ተለውጦ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀና ብለው አዩኝና፣ "ሕራይ፣ እሺ፣ ጻፊለት" አሉ።

ማስጠንቀቂያውን በእሳቸው ስም ጻፍኩት። እስከ ኅዳር አምስት ድረስ፣ መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ በሚገኘው የሻጩ የሥራ ቦታ በአካል ቀርበው በሩን እንዲረከቡ ይላል። "በአካል" የሚለውን ሕጉ አይልም። ዐውቃለሁ። ሰው ዕቃውን በወኪል መረከብ ይችላል። ቃሉን አንድ ጊዜ ሰረዝኩት፤ መልሼ ጻፍኩት፤ በፖስታም በስልክ ፎቶም ላክሁት። ሙነወር "ደርሶኛል" ብሎ መለሰ። ሌላ ነገር አልጻፈም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ብናገር የማይረባ ሰው እመስላለሁ። ዓይናለም ሄጄ የተጀመረውን ግድግዳ አየሁ፤ ሣር በቅሎበታል፤ ሣሩን ነቀልኩ። አዲስ ሻሽ ገዛሁ። ቁልፉን በጥርስ ሳሙና ጠርጌ አበራሁት።

ኅዳር ሦስት ጠዋት አቦይ ገብረተንሳኤ ደወሉ። የኮምቦልቻ አይሱዙ ወርክሾፑ ደጃፍ ቆሟል አሉ። ማን ይዞት መጣ አላልኩም። በባጃጅ ስደርስ መኪናው አጠገብ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሸራ ይፈታል። ትከሻው ግን ቀጥ ያለ ነበር። ሲዞር ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ጢሙን ሂና የተቀባ ሰው ነው። አብዱልወዱድ እባላለሁ፣ የሙነወር የሱቅ ጎረቤት ነኝ ብሎ ቤተሰቤን አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ውክልና ነው፤ ተመዝግቧል፣ ማኅተም አለው፣ የሙነወር ፊርማ አለበት።

ወደ ቢሮዋ ገባን። አቦይ ገብረተንሳኤ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያዩ መሰሉና ለእኔ አቀበሉኝ። ሊያስረክቡ አልፈለጉም። እሱ ራሱ ይምጣ ተብሎ ተጽፏል አሉ፤ በሩ ላይም የተጻፈው የዚች ልጅ ስም ነው፤ አራት ዓመት እየመጣች ያየችው እሷ ናት፤ ለእኔ ባለቤቱ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው አሉ። እኔ ዝም ብል ኖሮ መኪናውን ባዶውን እንደሚመልሱት ዐወቅሁ።

አብዱልወዱድ አልተቆጣም። "ሙነወርም ያስጨነቀው ይኸው ነው" አለኝ። "በአካል ስለሚል፣ ውክልና ይበቃል አይበቃም ሕግ የምታውቀውን ጠይቅልኝ ብሎኛል። አንቺ ይበቃል ካልሽ ይበቃል አለ።"

ጥያቄውን የላከው ለእኔ ነው። መልሱን እንደማውቅም ያውቃል። መልስ ሳልሰጥ በሩ እዚያ ይገጥም እንደሆነ ጠየቅሁት፤ እዚህ የተለካው ለዓይናለሙ ቤት ነበር። አብዱልወዱድ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ሄደና ለካ። ሁለት ሜትር ከአሥር፤ አንድ ሜትር ከሠላሳ።

"ልክ ነው" ብሎ ተመለሰ። "ግንበኛውን ክፍቱን በዚህ ልክ ተው ብሎት ነበር፤ በቃሉ ነው የያዘው። እስካሁን አንሶላ ነው የተጋረደበት። አራስ ያለችበት ቤት ነው እህቴ፣ ብርዱ ደግሞ ገብቷል።" ፊቴን አየና ቆመ። የማላውቀው አልመሰለውም ነበር። ቀስ ብሎ፣ "አልነገረሽም?" አለኝ።

አልነገረኝም። አቦይ ገብረተንሳኤ በትግርኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ ከዚያ ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ አሉኝ። እኔ የማስበው ግን ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልኩን በቃሉ መያዙን። ያን ሁሉ ጊዜ ቁጥሮቹን እኔ ብቻ የማስታውሳቸው ይመስለኝ ነበር።

"ውክልናው ይበቃል" አልኳቸው። "በአካል የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሕጉ አይልም።"

ሁለቱ ወጥተው በሩን ለመጫን አነሡት። የመኪናው ረዳትና ከመንገድ የተጠሩ ሁለት ወዛደሮች አገዟቸው። እኔ የርክክቡን ሰነድ ጻፍኩ፤ በዚህ ጊዜ ምንም አልዘለልኩም። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፦ መቀሌ፣ ሰሜን፣ የሻጩ ወርክሾፕ። የብረት በር ባለ ሁለት ተካፋች ከነመቃኑ፣ ስድስት ማጠፊያ፣ አንድ ቁልፍ። ማስረከብ ማለት ዕቃውን ከነተጓዳኞቹ መስጠት ነው። መክፈቻ የሚለው ጋ ስደርስ "ሁለት" ብዬ ጻፍኩ፤ አሰብኩና "ሦስት" አልኩት።

አብዱልወዱድ ሊፈርም ሲገባ በሽቦ የታሰሩትን ሁለቱን ይዟቸው ነበር። ሰነዱን አንብቦ ሦስት ይላል አለኝ። ቁልፉን ከቤታችን ቁልፍ ጋር ካለበት ማያያዣ ለማውጣት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ጥፍሬ ተሰበረ። ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ከሁለቱ ይልቅ የእኔ ያበራል። አየው፤ ዐወቀም መሰለኝ፤ ሦስቱንም አንድ ላይ አሰራቸው።

"የምነግርልሽ ነገር አለ?" አለኝ ከፈረመ በኋላ።

ብዙ ነበር። አራት ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ ነበር፤ የነቀልኩት ሣር ነበር፤ ይምጣና ሸሚዙን እንኳ ልየው የሚል ነገር አሁንም ነበር፤ ሰነዱን ስጽፍ እንኳ አላቆመም።

"ቁልፉ ዘይት ይፈልጋል በለው" አልኩት። "ዝናብ ሳይነካው ይቀባው።"

በምስክርነት ፈረምኩ። አንዱን ቅጂ ለእሱ፣ አንዱን ለአቦይ ገብረተንሳኤ ሰጠሁ። በቢሮዋ መስኮት በሩ መኪናው ላይ ተጋድሞ ይታያል፤ ሸራው ገና ስላልደረሰበት በጠመኔ የተጻፈው ስሜ ይነበባል። አቦይ ገብረተንሳኤ እርጥብ ጨርቅ አንስተው ልጥረገው ወይ ብለው በዓይናቸው ጠየቁኝ። መንገድ ላይ ሸራው ይጠርገዋል አልኳቸው።

ከሁለቱ በኋላ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። የቢሮዋን በር በሁለት እጄ አነሣሁት፣ ገጠመ፣ ዘጋሁት።