የሉም ማለት

ባሏ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት የክርና የልብስ ቁልፍ ሱቃቸው ስልክ ጮኸ። የሚደውለው በመደርደሪያው ጥግ የተቀመጠችውን የካርድ መክፈያ ማሽን የሰጣቸው ድርጅት ነበር።

«ባለቤትዎ አሉ? ስለ ውሉ ነበር» አለች አንዲት ለጋ ድምፅ።

«የሉም» አለች ሴትዮዋ።

«እሺ፣ ሌላ ጊዜ እንደውላለን።»

የነገረቻት መስሏት ነበር። «ሞተ» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ ስላላት ለደንበኛውም ለጎረቤቱም የምትለው ይህንኑ ነው፤ የለበሰችውን ጥቁር ያየ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ደዋይዋ ግን አላየቻትም።

በወሩ ደግመው ደወሉ። «ዛሬም የሉም?»

«አርፈዋል።»

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታ፣ እንግዲያስ አይቀስቅሷቸው።»

ታናሽ እህቷ ይህን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ በቤቷ አንድ ክፍል አስለቅቃ እየጠበቀቻት ነው። ሴትዮዋም የምትፈልገው ሱቁን ዘግታ እዚያ መግባት ነበር። ባሏ ይቀመጥበት የነበረውን በርጩማ እያየች መዋል አልቻለችም።

ግን ውል አለ። ከዚፖቹ መሳቢያ ሥር አገኘችው፣ በእሱ ፊርማ። ነጋዴው የካርድ ደንበኛን ዕቃው ትንሽ ነው ብሎ አይመልስም። በሥራ ቀን ሱቁን አይዘጋም። ውሉን ለማቋረጥ ፈራሚው ራሱ ይቀርባል፤ ካልቀረበ ለሁለት ዓመት ይታደሳል። እሱ የመጀመሪያዋን አንቀጽ ይወዳት ነበር። ለአንዲት ቁልፍ ካርድ ለሚያወጣ ሰው በርጩማውን ለቆ፣ «ቁልፍ የጎደለው ሰው ቆሞ አይጠብቅም» ይል ነበር።

በስምንተኛው ወር ከእህቷ ጋር ወደ ድርጅቱ ሄደች። መነጽር ያደረገ ወጣት ጸሐፊ ተቀበላቸው።

«ፈራሚው ራሳቸው ይምጡ፣ እናቴ።»

«የሉም አልኩ እኮ።»

«አዎ፣ ተጽፏል። ‹የሉም› ይላል። ከዚያ ‹አርፈዋል፣ እንዳይቀሰቀሱ›። ሦስተኛው ጥሪ ላይ ‹ሄደዋል›። ሩቅ ነው የሄዱት?»

«ሩቅ ነው።»

«እንግዲህ ሲመለሱ ይፈርማሉ።»

እህቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ንገሪው እንጂ እትዬ። ወይስ እኔ ልንገረው?»

«ተይ። የኔ ነው።» እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። «ሞቷል» አለች።

በሰው ፊት አንቱ እንዳለችው የኖረች ሴት ናት። አንቱታው ራሱ አብሮ የሄደ መሰላት።

ጸሐፊው ከወንበሩ ተነሳ። «ያጽናዎት፣ እናቴ። መቼ ነው?»

«ስምንት ወሩ።»

ቁጭ ብሎ መጻፍ ጀመረና ጣቱ ቆመ። «ከዚያ ወዲህ በማሽኑ ማን ነው ሲያስተናግድ የነበረው?»

«እኔ ነኛ። ውሉ ካርድ ይዞ የመጣን አትመልሱ ይላል።»

ወጣቱ ውሉን አዙሮ የመጨረሻው ገጽ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ፈራሚው ከሞተ ውሉ በዚያው ዕለት ያበቃል፤ በማሽኑ ማስተናገዱን የቀጠለ ሰው ግን እንደ አዲስ ፈራሚ ይቆጠራል።

«ያኔ በስልክ ‹ሞቷል› ቢሉ ኖሮ ማሽኑን መጥተን እንወስድ ነበር» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «አሁን ፈራሚዋ እርስዎ ነዎት። ሁለት ዓመት።»

«እሷም ብትሞትስ?» አለች እህቷ።

«ኧረ እንዲህ አይበሉ።»

«ለማወቅ ያህል ነው።»

በማግስቱ ሱቁን ከፈተች። አንድ ሰውዬ የሸሚዙን አንገት በእጁ ጨብጦ ገባ፤ አንዲት ነጭ ቁልፍ መርጦ ካርዱን አወጣ። ሴትዮዋ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አቀረበችለት። ማሽኗ አጓርታ ወረቀቷን ተፋች። ከላይ፣ እስከ ትናንት የእሱ ስም ይወጣበት በነበረው ቦታ፣ የእሷ ስም ወጥቷል።

ሰውዬው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። «ስሙ ተቀየረሳ። ሽማግሌው የሉም?»

«ሞቷል» አለች። ቃሉ አሁን እንደ ማንኛውም ቃል ወጣ።

«ያሳዝናል። እርስዎስ ይቀጥላሉ?»

ወደ መንገዱ ተመለከተች፤ እህቷ ያስለቀቀችው ክፍል ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው።

«አለሁ» አለች።