ቁልፍ የማይጠብቅ ሬዲዮ

«እንዳትቆጪኝ እንጂ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች ጥሩዬ በሹክሹክታ። አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች፣ ሚርያም ከተቀመጠችበት ፍራሽ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች። «ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። ሐዘን ባለበት እንደማይከፈት ጠፍቶኝ አይደለም፤ ለዜና ብዬ ነው። ዝቅ አድርጌ፣ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ።»

«ምንም አይደል፣ ጥሩዬ።»

«ዜናውንማ መቼ አገኘሁት! ጣቢያ ስፈልግ አንድ ሰው ያወራል። ወንድ ነው። አይዘፍንም፣ አይሰብክም፤ ዝም ብሎ ያወራል። አማርኛ አይደለም፣ ወላይትኛ አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይመስለኝም። ሬዲዮዬን ይዤ ወደ ጓዳ ስገባ ይጠፋል። ወደ እናንተ አጥር ስጠጋ…» ወደ በሩ ገልመጥ አለች። «ወደ እናንተ አጥር ስጠጋ ጥርት ብሎ ይሰማል።»

ሚርያም ወደ መስኮቱ አልዞረችም። መዞርም አላስፈለጋትም። ኮሮላ መኪናቸው ከድንኳኑ ጀርባ አጥሩን ተጠግቶ እንደቆመ፣ ከመሪው አጠገብ ያለችው አረንጓዴ መብራትም እንዳልጠፋች ታውቃለች። ባሏ ኤርሳዶ ከተቀበረ ጀምሮ፣ ለቀስተኛ ሲገባና ሲወጣ መጋረጃው በተገለጠ ቁጥር እየሰረቀች ስታያት ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለሶርሳ ብቻ። ፈርቼ እኮ ነው!» ጥሩዬ ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «ስነግረው ሁለት ሴቶች አጠገቡ ነበሩ።»

በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል ሚርያም ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። ሁለት ሴቶች ከሰሙ ድንኳኑ በሙሉ ሰምቷል ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሶርሳ ገባ። የኤርሳዶ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቦዲቲ እህል ይነግዳል። የድንኳኑም፣ የንፍሮውም፣ የእንግዳውም ጣጣ በእሱ ትከሻ ላይ ወድቆ ዓይኑ ቀልቷል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ አጠገቧ ተንበረከከ።

«እህቴ፣ መኪናው ውስጥ ያ ዕቃ እየሠራ ነው። ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹ኤርሳዶ አላረፈም› እያሉ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ደግሞ አሁን ይመጣሉ። እነሱ ሳይደርሱ ባትሪውን ልፍታው።»

«ቆይ።»

«ምን እቆያለሁ? የሐዘን ቤት ሬዲዮ ከፍቶ ተቀመጠ እንባል?»

«ቆይ አልኩህ፣ ሶርሳ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሴቶቹ ይህንንም ታዝበውባታል። ቀብር ላይ አልጮኸችም፤ ደረቷን አልመታችም። «ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው እንባውንም እዚያው ትቶት ይመጣል?» ብለው በወላይትኛ ሲንሾካሾኩ፣ የማትሰማ መስሏቸው፣ ከለቀመቻቸው ጥቂት ቃላት ነገሩ ገብቷታል።

ኤርሳዶ ቢኖር ያንንም አለዝቦ ይነግራት ነበር። ሶዶ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። ገበሬው በወላይትኛ የተናገረውን ለዳኛው በአማርኛ፣ ዳኛው ያለውን ደግሞ ለገበሬው በወላይትኛ ያደርሳል። ተከሳሹ «ገደልኩት» ካለ፣ ኤርሳዶም በገዛ አፉ «ገደልኩት» ማለት አለበት፤ የሥራው ወግ እንዲያ ነው። ሚስቱን ፈቷል፣ ድንበር ገፍቷል፣ ልጁን ክዷል፤ ሁሉንም በሌላ ሰው ፈንታ። ቤት ሲገባ ደግሞ በእናቱና በሚስቱ መካከል ይቀመጣል። እናቱ እማማ ፈጠነች አማርኛ አያውቁም። ለማስተማር ከናዝሬት የመጣችው ሚርያም ደግሞ ወላይትኛዋ ከገበያ አላለፈም። እሱ እያለ ለምን ትልፋ? አሁን ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነው።

ሬዲዮውን ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣ ዕለት ሚርያም ስቃበታለች። መዳፍ የሚያህል፣ ድምፁን ከሳተላይት የሚቀበል ዕቃ ነው። መኪናው አሮጌ ነው። ቴፑም ከመኪናው ጋር የመጣ ሳይሆን በኋላ ከሱቅ ተገዝቶ የገባ፣ ሌላ ዕቃ የሚሰካበት ቀዳዳ የሌለው ነው። ኤርሳዶ ግን የቴፑን ዙሪያ ፈታቶ ሽቦዎቹን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ሳሙና የምታህል አንቴና ጣሪያው ላይ ለጠፈ፤ የአቮካዶው ዛፍ ሰማዩን ሲከልላት መኪናውን ገፍቶ ወደ አጥሩ አስጠጋው። ቴፑንና ሬዲዮውን ያገናኘው በአንዲት ትንሽ ማሰራጫ ነው፤ ከሰማይ የመጣውን ድምፅ ማንም በማይጠቀምበት የኤፍኤም ቁጥር ትለቀዋለች፣ ቴፑ ይቀበላታል። አጥር አልፋ ጥሩዬ ቤት እንደምትደርስ እሱም አላሰበም።

«ይሄ ቀዩ ሽቦ የመኪናው ቁልፍ ካልዞረ አይሠራም» አላት፣ ሁለት ሽቦ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። «ቢጫው ግን በቀጥታ ከባትሪው ነው። ሁሌም ነቅቶ ያድራል።»

«በቀዩ አድርገዋ። ባትሪ ይጨርስብሃል።»

«ይጨርስ። ቁልፍ የሚጠብቅ ነገር ሰልችቶኛል። እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ካልተናገረ አልናገርም።»

ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ መኪናው ውስጥ መቀመጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቀለደችበት፤ እየቆየ ግን ከፋት። ቤቱን የሸሸ መሰላት። አንድ ቀን የመኪናውን በር ከፍታ ጠየቀችው።

«የሚሉት ይገባሃል?»

«አንድም ቃል አይገባኝም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»

«ደስ የሚለኝ እሱ ነዋ» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ማንም ወደኔ ዞሮ ‹ምን አለ?› አይለኝም።»

ነገሩ ለእሷ የተወረወረ መሰላት። በየማዕዱ «እናትህ ምን አሉ?» እያለች የኖረችው እሷ ናትና። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

የሞተ ዕለትም ጠረጴዛዋ ላይ የተማሪ ወረቀት ታርም ነበር። ቀና ስትል አረንጓዴዋን መብራት በመስኮቱ አየቻት። መብራቷ ካለች እሱ አለ። ራቱን ከደነች፤ ወረቀቷን ቀጠለች። በመጨረሻ ወጥታ በሩን ስትከፍት፣ ኤርሳዶ ራሱን ወንበሩ ላይ አሳርፎ ነበር፤ እጁ ቀዝቅዟል። ሬዲዮው ውስጥ አንድ ሰው ያወራል። ወደ ኦቶና ሆስፒታል ሊወስዱት ተሸክመው ሲያወጡት ተጠርቶ የደረሰው ሶርሳ ቁልፉን ነቀለ፤ ቴፑ ጠፋ። ቢጫው ሽቦ ላይ ያለችው ሬዲዮ ግን ከነማሰራጫዋ እንደነቃች ቀረች።

ያን ጊዜ ሰውየው ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረው ሚርያም ልብ አላለችም። ከዚያ ወዲህ እረፍት የነሳት ይኸው ነው። እሷ ወረቀት ስታርም፣ ለባሏ እስከ መጨረሻው ያወራለት ማነው? የሚቆጣ ነበር? የሚያስፈራ ነበር? ባትሪው ከተፈታ ዕቃው የተቀመጠበትን ጣቢያ ይረሳል፤ ከዚያ ሁሉ ጣቢያ የትኛው እንደነበር የሚነግራት የለም።

«ከፈለግሽ እኮ ሬዲዮዬን በነጠላዬ ሸፍኜ…» አለች ጥሩዬ፣ ሐሳቧን እንዳነበበች ሁሉ።

ሚርያም ራሷን ነቀነቀች። መስማት የፈለገችው እሱ በሰማበት ቦታ ነው።

ሶርሳ ግን ወጥቶ ነበር፤ ከውጭ የመኪናው ኮፈን ሲከፈት ተሰማ።

ተነሳች።

«ምነው? የት ነው? ተቀመጪ እንጂ!» ሴቶቹ ተንጫጩ። ባሏ የሞተባት ሴት ድንኳኑ ሳይነሳ እንዲህ ብድግ ብላ ወደ ግቢ አትወጣም። አንዷ የቀሚሷን ጫፍ ያዘች። ከማዶ እማማ ፈጠነች በወላይትኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ሚርያም እንደ ልማዷ ወደ ባዶው ቦታ ዞር አለች፤ አፏም ሊጠይቅ ተከፈተ። የሚመልስላት አልነበረም። ቀሚሷን ከሴትየዋ እጅ አስለቅቃ በባዶ እግሯ ወጣች።

በድንኳኑ ውስጥ መዝሙሩ ቆመ። ሶርሳ መፍቻ ይዞ ሞተሩ ላይ አጎንብሷል።

«ቁልፉን ስጠኝ። አንድ ጊዜ ልስማው፤ ከዚያ ፍታው።»

«እህቴ፣ ሰው እያየ?»

«ይየኝ።»

ሶርሳ የእሷን ትከሻ አልፎ አየ። እማማ ፈጠነች ተከትለዋት ወጥተው ኖሯል። አንድ ቃል ተናገሩ፤ አንድ ብቻ። ሶርሳ እጁን ኪሱ ከተተና ቁልፉን ሰጣት።

ወንበሩ እሱ እንደተወው ወደ ኋላ ተለጥጧል፣ መስኮቶቹም እንደተከፈቱ ናቸው፤ እግሯ ፔዳሉ ላይ አልደረሰም። በወዲያኛው በር አማቷ ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። ሚርያም ቁልፉን በግማሽ አዞረችው። ቴፑ በራ። ትንሽ ከተንኮሻኮሸ በኋላ ድምፁ መጣ።

ያው ሰው ይሁን ሌላ አታውቅም። ወንድ ነው። አይቸኩልም። ሲናገር ቆይቶ ትንፋሽ ይስባል፤ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል፤ እንደገና ይቀጥላል። የቱ አገር ቋንቋ እንደሆነ መለየት አልቻለችም። የማይቆጣ ድምፅ ነው። የሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ፣ መልስ ሳይጠብቅ፣ እንቅልፍ እስኪወስደው የሚያወራለት ሰው ድምፅ። እማማ ፈጠነች ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሚርያም በጎን አየቻቸው፤ ቋንቋው ለሁለቱም እኩል አይገባቸውም።

«እናቴ» አለቻቸው በወላይትኛ፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ያን ጊዜ ከሆዷ አንድ ነገር ተነሳ። ራሷም የማታውቀው ድምፅ ነው፤ ሻካራ፣ የተሰበረ። በእጇ ልትይዘው አፏን ከደነች፤ በጣቶቿ መሀል አምልጦ ወጣ። ሌላው ተከተለው።

በፊተኛው መስታወት በኩል የግቢው በር ሲከፈት ታየ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ሶርሳ መፍቻውን ኮቱ ውስጥ ሸሸገና ሊቀበላቸው ሄደ። ሚርያም ማቆም አልቻለችም። አማቷ እጃቸውን ሲዘረጉ አይታ፣ ሬዲዮውን ሊያጠፉት ነው ብላ ጠበቀች።

እማማ ፈጠነች ሬዲዮውን አልነኩትም። በራቸው ላይ ያለችውን እጀታ እያዞሩ የመስኮቱን መስታወት ቀስ በቀስ ወደ ላይ አወጡት፤ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ከዚያ በሚርያም ጭን ላይ ተሻግረው ጎንበስ አሉ፤ የእሷንም እጀታ በሁለት እጃቸው ይዘው ማዞር ጀመሩ።