ጋሼ ይትባረክ ለስልክ ሲያስተምሩ

የእናቴ ወንድም ጋሼ ይትባረክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ፀጉራቸው ሸበተ፤ ያልሸበተውም ረገፈ። ዘንድሮ ግን ጂኦግራፊ የመረጠ ተማሪ ጠፋ። ለመምህራኑም አዲስ ሥራ መጣላቸው፤ ትምህርቱን በቪዲዮ እየቀረጹ ለርቀት ተማሪዎች መላክ። እስከ ሰኞ ደህና ቪዲዮ ያላመጣ ከማስተማር ተነስቶ ንብረት ክፍል ይመደባል። ጋሼ ሳያስተምሩ መኖር አይችሉም። ቅዳሜና እሁድ እንኳ ድመቷን ያስተምራሉ።

ስልኩን የምይዘው እኔ ነኝ። ሰባተኛ ክፍልን አቋርጬ ከቡልቡላ ስመጣ የመጽሐፍ ክፍላቸውን የለቀቁልኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እጄ ቢዝልም አላጉረመርምም። እሺ፣ ትንሽ አጉረመርማለሁ።

«ስምጥ ሸለቆ የተፈጠረው መሬት ግራና ቀኝ ሲሳሳብ ነው። ስለዚህ መሃሉ የወረደው ወደ ታ…» ብለው ዝም አሉ።

ስልኩም ዝም።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ተማሪዎቹን እየጠበቅኩ ነዋ።»

«የትኞቹን?»

ለካ እንደኛ ሰፈር አስተማሪዎች ሁሉ የቃሉን ጭራ ለክፍሉ ይተዋሉ። ክፍሉ ባንድ ድምፅ ካልጨረሰላቸው ወደፊት ንቅንቅ የለም።

«ራስዎ ይጨርሱታ» አልኳቸው።

«ራሴ ከጨረስኩት ማን ተማረ?»

ስንሞክር ስንሞክር እሁድ ከሰዓት ሆነ። ጋሼ ኮታቸውን አወለቁ። «በቃ ማርቲ፣ እኔ ለንብረት ክፍል ነኝ።»

ስልኩን መልሼ አነሳሁ። «ኮትዎን ይልበሱ። አንዴ ብቻ።»

«…የወረደው ወደ ታ…»

«ታች» አልኩ ከስልኩ ጀርባ።

ዓይናቸው በራ። ከዚያ ማን ያስቁማቸው? ከሶደሬ ፍል ውሃ ተነስተው አብያታ ድረስ ወሰዱኝ። ስሳሳት «ጎሽ፣ ተጠግተሻል» እያሉ ያልፋሉ።

ሰኞ የቀረጻው ኃላፊ ዶክተር ዳሊያ ቪዲዮውን አይታ ደወለች፤ የድሮ ተማሪያቸው ናት። «ጋሼ፣ ይቺ ከኋላ የምትመልሰው ማናት?»

ደነገጡ። «የእህቴ ልጅ ናት። ድምጿን እናወጣዋለን።»

«እንዳይነኩት። እኔም ቢሮዬ ቁጭ ብዬ አብሬያት ስመልስ ነበር። ቀጣዩንም ከእሷ ጋር ይቅረጹ።»

ስልኩን ዘግተው ለድመቷ ነገሯት። ቀጥለው ለእኔ።

በሁለተኛው ቪዲዮ መጨረሻ ስልኩን ትተው ወደ እኔ አዩ። «ክፍሌን መልሳ የሰጠችኝን ልጅ አመሰግናለሁ። ስሟም ማ…»

ማመስገን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ስመልስ የከረምኩት ልጅ የገዛ ስሜ ጠፋኝ። እሳቸው ግን መጠበቅ ያውቁበታል፤ ጠበቁኝ።

«ማርቲ» አልኩ።