የአዎ ሰዓት

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሁሉ «ፎቶ እለያለሁ» እል ነበር። አባቴ ደግሞ ይቺን ይዞ ለሰፈሩ «ልጄ ፎቶ ቤት ናት» እያለ ይኩራራል። አላረምኩትም። የምለየውን ፎቶ ቢያይ ኖሮ ምግብ በአፉ አይዞርም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦር ሜዳ ላይ የሚዋጉልን ሮቦቶች ናቸው። ሮቦቱ ትከሻው ላይ ረዘም ያለ ነገር የተሸከመ ሰው ሲያይና መሣሪያ ይሁን አይሁን ሲጠራጠር ፎቶውን ለእኛ ይልካል። እኔ፣ በቀኜ የምትቀመጠው ሳቂታዋ እና በግራዬ ያለው የቀድሞ መምህር ሁሌም ያው አንድ ፎቶ በአንድ ጊዜ ይደርሰናል። ከፎቶው ሥር «አዎ» እና «አይደለም» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። ጊዜው ሦስት ሰከንድ ነው። ከሦስታችን ሁለታችን የተስማማንበት ይጸናል፤ «አዎ» ከሆነ ሮቦቱ ይተኩሳል። ከዚያ ፎቶው ይጠፋና ሌላ ይመጣል። ሰውየው ምን እንደሆነ አይነገረንም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም።

«አይደለም» ያለ ሰው ምክንያት መምረጥ አለበት። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ጃንጥላ፣ ቱቦ፣ አካፋ፣ በሽተኛ የሚሸከሙበት ቃሬዛ ሳይቀር አለበት። «አዎ» ያለን ግን ማንም ምንም አይጠይቀውም። ከምሳ በፊት ሺህ ፎቶ ያልጨረሰ አይወጣም፤ ስለዚህ ምሳ ሲቃረብ ሁላችንም አዎ፣ አዎ፣ አዎ ነው። ያቺን ግማሽ ሰዓት «የአዎ ሰዓት» ነበር የምንላት። ደግሞ እየሳቅን! አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ያኔ ግን ራበኝ እንጂ ሌላ ነገር አልተሰማኝም።

ጦርነቱ አራተኛ ዓመቱን ሲይዝ «ይብቃ» ያለ ሰው አልነበረም። ለምን ይበል? ከእኛ ወገን የሚሞት የለማ። ልጇ ከግንባር ቀርቶባት የምታለቅስ እናት የለች። ዜናው «ሦስት ሮቦቶች ወድመዋል» ሲል ሰዉ ሻዩን ፉት እያለ «ይተካሉ» ይላል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው፤ አገር ሙሉ ሰው እንጨቱን ይዞ ነበር የተቀመጠው።

ከዚያ የፋብሪካ ሠራተኞች አድማ መቱ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ሮቦቶቹም ወደ ከተማችን ገቡ። «ለጥቂት ቀን ነው» ተባለ። ወታደር ቢሆን ሰፈሩ ላይ ተኩስ ሲሉት አንዳንዱ እጁ እምቢ ይለዋል። ይሄኛው ግን ሰፈርም ጎረቤትም የለው። ነግ በኔ ሳንል የኖርን ሰዎች ያን ቀንም ምሳችንን በላን። ከሰዓት በኋላ ሥራችንን ቀጠልን።

አባቴ ቀለም ቀቢ ነው። መሰላሉን ትከሻው ላይ ጥሎ ከተማውን ሲያቋርጥ አርባ ዓመቱ ነው። ከሥራ እንደገባሁ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ መሰላሉን ለጥቂት ቀን ተወው።»

«እና ግድግዳው ላይ በምን ልውጣ? በጸሎት?»

«በጋሪ ይጎተትልህ።»

«አርባ ዓመት የተሸከምኩትን ዛሬ እንደ ፍየል ልጎትተው?»

«ሮቦቶቹ መሣሪያ ይመስላቸዋል እኮ!»

«ለዚያማ የሚያጣሩ ሰዎች አሏቸው አሉ። ሰው እንዴት መሰላልና ጠመንጃ መለየት ያቅተዋል?»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አፈርኩ። «ብቻ ተጠንቀቅ» ብዬው ተነሳሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ በአዎ ሰዓት፣ ስክሪኔ ላይ ከጀርባው ፎቶ የተነሳ ሰው መጣ። ግራጫ ካፖርት ለብሷል፤ ክርኑ ላይ ነጭ ቀለም ደርቋል። የተሸከመው መሰላል በግማሽ ነው የሚታየው። አንገቱን ወደ ግራ ዘመም ያደረገበት አኳኋን የማንም ሊሆን አይችልም። «አይደለም»ን ተጭኜ ጮኽኩ።

«አዎ እንዳትሉ! አባቴ ነው!»

ሁለቱም ቀና አሉ። ጣቶቻቸው ግን ቀድመውኝ ነበር። ፎቶው ጠፋና ሌላ መጣ።

«ውይ! ቀደም ብለሽ አትነግሪንም?» አለች ሳቂታዋ።

አባቴ አልሞተም። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሆስፒታል አልጋው ላይ እንደነቃ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያስመታኝን ሰው ፈልጊልኝ። ካሳውን አልፈልግም። ዓይን ዓይኔን እያየ ምን እንዳደረግኩት ይንገረኝ።»

ፈለግኩ። ፖሊስ «የሮቦቱ ነገር እኛን አይመለከትም» አለኝ። የሮቦቶቹ አዛዥ ቢሮ «እኛ መልስ እንቀበላለን እንጂ አንወስንም» አለኝ። ችኮላው ያወጣለትን ቶሎቶሎ የሚል ስም የተሸከመው የእኛ አለቃ ደግሞ ወረቀት አገላብጦ «ሁለት ለአንድ ነው። እንዲያውም በስህተት የተመዘገበው ያንቺ መልስ ነው፤ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ» አለኝ። መምህሩ ዓይኔን ማየት ትቷል። ሳቂታዋ ለአባቴ ብርቱካን ላከች። ብርቱካኑን ከነፌስታሉ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ በየቀኑ በአዎ ሰዓት የራሴ ጣት የተጫነውን አዎ መቁጠር ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም።

ሾርባ ይዤ ሄድኩና በማንኪያ አጎርሰው ጀመር።

«ሰውየውን አገኘሽው?» አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። ፎቶውን፣ ቁልፎቹን፣ ሦስት ሰከንዷን፣ የሥራዬን እውነት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። መጨረሻ ላይ ፊቱ ፈካ አለ።

«አንቺ 'አይደለም' ብለሻል አይደል? እንግዲያው የለሽበትም በይኛ!»

«ያን ቀን የለሁበትም።»

ያጎረስኩትን ዋጠ።

«ሌላውን ቀንስ?»

«ሌላውን ቀን አዎ ስል ነበር፣ አባዬ። ሦስት ዓመት። ምሳ ሲደርስ የመጣውን ሁሉ።»

«ሳታዪ?»

«ሳላይ።»

ማንኪያውን አየ። ከዚያ ማንኪያውን የያዙትን ጣቶቼን ትክ ብሎ አያቸው።

«በዚህ እጅሽ?» አለኝ።

ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠጋሁት። ከንፈሩን ገጠመ። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያዝኩለት፤ አፉን አልከፈተም።