የሐይቁ ጨው

ፈረደ ልጁ ከአርበኞች ጋር ዘምቶ በደህና ስለተመለሰለት፣ ስለቱን ሊያደርስ ከሚስቱ ከካሰች ጋር ከመተማ ቆላ ተነስቶ ወደ ደጋው ጠበል ሐይቅ ወጣ። ሲነሳ ጎረቤቱ ባለሱቁ ኸሊፋ፣ «ጨው ካየህ ዝም ብለህ እንዳታልፍ» ብሎት ነበር። ጣሊያን መንገዱን ከዘጋ ወዲህ በሱቁ ውስጥ የጨው ዘር አልነበረም።

ሐይቁ ዳር ያደረው በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ ደጋውንም ደገኛውንም እየረገመ ነው። ሲነጋ ግን ያየው ነገር ብርዱን አስረሳው፤ የዳሩ ሣር በሙሉ ነጭ ለብሷል።

«ካሰች፣ ተነሽ! ጨው ነው!»

ሚስቱ ዓይኗን ሳትገልጥ እሱ የጋቢውን ጫፍ ሞልቶ ቋጠረ። ጠበል ሊቀዱ የወረዱ አንዲት መነኩሲት ቆመው አዩት።

«ምን ይዘህ ነው ልጄ?»

«ጨው ነዋ፣ እማሆይ!»

«እስቲ ቅመሰው።»

ቀመሰው። ምላሱ ላይ ቀዘቀዘና ጠፋ።

«ውርጭ ነው» አሉት እየሳቁ። «ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል።»

ቆላ ተወልዶ ቆላ ያረጀ ሰው ውርጭ የት አይቶ ያውቃል? ካሰች ሆዷን ይዛ ስትንከተከት መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ ግን እሱንም ሳቅ አሸነፈው። ከጋቢው የሚንጠባጠበውን በቅል ተቀበለና ከሐይቁ ጨምሮ ሞላው።

መተማ ሲገባ ቅሉን ለኸሊፋ ሰጠው።

«ጨውህ ይኸው። መንገድ ላይ ቀልጦብኝ ነው።»

ኸሊፋ ጎንጨት አለለት፤ ከንፈሩንም ላሰ።

«ጨው ያንሰዋል» አለ።