ሁለቴ የተጠራ

«ትሕትና!»

ድምፁ የመጣው ከድንኳኑ ውጭ፣ ጉም ከዋጠው ከገደሉ በኩል ነው። ትሕትና የንፍሮውን ሰሃን አስቀምጣ አቤት ልትል አፏን ስትከፍት፣ አጠገቧ የተቀመጡት እማማ ኮከቤ ጉልበቷን ጨብጠው ያዟት።

«ዝም በይ» አሉ በሹክሹክታ። «ጉም ውስጥ የተጠራ ሰው እስከ ሦስተኛው አቤት አይልም።»

ሁለተኛው መጣ። «ትሕትና!» ሦስተኛው ግን አልመጣም። ወንዶቹ በወዲያኛው ጥግ ስለ ዘንድሮው ውርጭ ያወራሉ፤ ቀና ያለ ሰው የለም። እማማ ኮከቤ ተነሥተው የድንኳኑን መጋረጃ በገመድ ቋጠሩና ተመልሰው መሬት የተነጠፈው የሱፍ ባና ላይ ተቀመጡ። አንድ ልጃቸውን አትናቴዎስን እዚሁ መንደራቸው ቀየት የቀበሩት በዚያው ዕለት ነበር።

ትሕትና የሟች ጓደኛ ናት። ከአዲስ አበባ አስከሬኑን አጅባ ስትመጣ ለእናቱ የምትነግራቸው ነገር ይዛ ነበር። መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳው መጥታ፣ እማማ ኮከቤ «ልጄ፣ አንቺ እንኳን ተረፍሽልኝ» ብለው ሲያቅፏት ሳትነግራቸው አብራቸው አለቀሰች። አሁን ሴቶቹ ከኋላዋ ያንሾካሹካሉ።

«እጮኛው ናት?»

«ጓደኛው ናት አሉ።»

«እንዴ፣ ለጓደኛ እንዲህ ጥቁር ይለበሳል?»

የጉሙን ደንብ ትሕትና ዛሬ አይደለም የሰማችው። ሰምታ ሰምታ ሰልችቷታል። ከአትናቴዎስና ከሽኩር ጋር ቦርሳቸውን አዝለው በኔፓል ተራሮች ከመንደር መንደር ሲዞሩ፣ አትናቴዎስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያደረቃቸው በዚሁ ነበር። ሦስቱም ዩኒቨርሲቲ አብረው ከተማሩ ጀምሮ ሲያወሩት የኖሩት ጉዞ ነው። ፖካራ የምትባለው የሐይቅ ዳር ከተማ ሲደርሱ፣ ሰው የማይቸኩልባትን አገር ሽኩር ወደዳት። ጀልባ ላይ ተጋድሞ «እኔን እዚሁ ተዉኝ፤ አባቴን ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ሱቁን ለሌላ ስጥ በሉልኝ» አላቸው። የአትናቴዎስ ልብ ግን ተራራው ላይ ነበር። የድንጋይ ካብ ባየ ቁጥር፣ የገብስ ማሳ ባየ ቁጥር «ይህማ ቀየት ነው» ይላል። ጣሪያ ላይ ገብስ የሚያሰጡ አሮጊት አግኝቶ በአማርኛ «እንደምን ዋሉ እማማ» አላቸው። እሳቸውም በቋንቋቸው ረዘም አድርገው መለሱለት፤ ቆመው ሲጫወቱ ላያቸው የተግባቡ ይመስሉ ነበር።

በስሙ ከጠሩት ደግሞ፣ ጉም ኖረም አልኖረም፣ ሦስተኛውን ካልሰማ ንቅንቅ የለም። ምግብ ቀርቦ ሲጠሩት ጣራ ጣራውን ያያል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይለዋል ሽኩር።

«ሳቁ» ይላል እሱ። «ጉም ውስጥ ያለው ነገር ከሁለት በላይ መጥራት አይችልም። ሦስት ጊዜ የሚጠራ ሰው ብቻ ነው።»

በሁለተኛው ቀንም ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ወጣ፤ ድምፁም ሁለት ጊዜ ጠርቷት ዝም አለ። ትሕትና ከወንዶቹ ጋር ወደተቀመጠው ወደ ሽኩር ሄዳ ሰምቶ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ምንም አልሰማሁም» አለ ጥያቄዋን ሳያስጨርሳት። ጋቢውን ግን ጆሮው ድረስ ሳበ።

በሣልስቱ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ከሄዱ በኋላ ድንኳኑ ሳሳ። ጉሙ መጣ። «ትሕትና!» አለ። «ትሕትና!» አለ። ከዚያ ጸጥታ።

እማማ ኮከቤ ወደሷ ዞሩ።

«ሁልጊዜ ሁለቴ ነው የሚጠራሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አንቺስ እሱን ስንት ጊዜ ጠራሽው?»

የደበቀችው ነገር ይኸው ነበር። ከዚህ ወዲያ መደበቂያ የለም፣ ነገረቻቸው። ያን ቀን ኔፓል ተራራው ላይ አትናቴዎስ የጫማውን ክር ሊያስር ወደኋላ ቀረ፤ ጉሙም ወረደ። ጠራችው፤ መልስ የለም። ደግማ ጠራችው። እግሯ ቆስሎ፣ ዝናቡ አብስብሷት ነበር። «ዛሬስ ሦስተኛውን አልጠራለትም፣ ይጫወት» አለች፤ ሽኩርም ሳቀ። ማደሪያቸው ገብተው ሻይ አዘዙ፤ ለሱም አዘዙለት። በማግስቱ ገደል ሥር አገኙት። ከላይ መንገዱ ላይ ጭቃው አንድ ቦታ ብቻ ተረጋግጧል፤ ብዙ ቆሞ የጠበቀ ሰው ዱካ ነው። ከዚያ ዱካው ወደ ገደሉ ይሄዳል።

«አንድ ጊዜ ብጨምር ኖሮ በድምፄ ይመጣ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እማማ።»



«አባቱ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ብሎ ወጥቶ እዚህ ገደል ቀረ» አሉ እማማ ኮከቤ። «ልጄም እንዳይወሰድብኝ ብዬ ጡት ሳይጥል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ከገደልሽው እኔም አለሁበት።»

ተነሥተው የመጋረጃውን ቋጠሮ ፈቱ።

«ነይ፣ ጥሪሽን ጨርሽው።»

ውጭ የገዛ እጅም አይታይም። ትሕትና ፈራች። እማማ ኮከቤ አጠገቧ እንዳሉ የምታውቀው በትንፋሻቸው ብቻ ነው። አየር ሳበችና ወደ ገደሉ ጮኸች።

«አትናቴዎስ!»

ጉሙ ዝም አለ። ቆየ።

«አቤት» አለ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ።

ከገደሉ ይምጣ ከጎኗ፣ ትሕትና አላወቀችም። እጇን ዘርግታ የእማማን ከንፈር መንካት ትችል ነበር። አልነካችም።

«እንግባ፤ ብርዱ ይጎዳሻል» አሉ እማማ ኮከቤ።

ሲገቡ አንዲት ለቀስተኛ መጋረጃውን ልትቋጥር ገመዱን አነሣች።

«ተዪው» አሏት። «ክፍት ይሁን።»

ከዚያ ባናው ላይ ወደ ትሕትና ጠጋ ብለው ተቀመጡ፤ በበሩ በኩልም አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቁ።